ለአዲሳለም ምኗ ነሽ?

አይዳ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ፋይሏን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ሥራ ከፈታች ስምንት ወሯ ነው። የመሬት ቀያሽ ናት። በየአዳራሹ የሥራ ትርኢት ዞራለች፣ ቢዝነስ ካርድ ለቅማለች፤ የደወለችላቸው ሁሉ «እንደውልልሻለን» ብለው ቀርተዋል። አሁን አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ቀያሽ ሊቀጥር ነው። ለፈተና የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር ነገ አርብ ይዘጋል፣ የእሷ ስም የለበትም።

ዘዴውን ያመጣችው ጓደኛዋ ኢየሩ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው የሚገኘው አዳራሽ መሰለሽ? ለቅሶ ቤት ነው እንጂ! የድርጅቱ ኃላፊ ኃይለ መለኮት ትናንት ሚስቱን ቀብሮ ዊንጌት ሰፈር ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ስልክ ከደወለልሽ ገባሽ።»

«አላውቃቸውማ።»

«ታዲያ ለቀስተኛ መታወቂያ ያሳያል እንዴ?»

ድንኳኑ ጢም ብሏል። ጥግ ላይ ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ኃይለ መለኮትን ለመለየት አልተቸገረችም፤ ጢሙ አድጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችው ጎንበስ ብላ። ያን ጊዜ አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ለመሄድ ተነሡ። አይዳ ሳታስብ ቦታቸው ላይ ተቀመጠች።

ንፍሮ የምታዞረው የሟች ታላቅ እህት እፍኝ ከሰጠቻት በኋላ አላለፈችም። ፊቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ለአዲሳለም ምኗ ነሽ?»

«ተ... ተማሪያቸው ነበርኩ።» በሩ ላይ ከተለጠፈው የሟች ፎቶ ሥር «መምህርት» የሚል አንብባ ነበር።

ኃይለ መለኮት ቀና አለ።

«ተማሪዋ? እስቲ ንገሪኝ። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም አይዞህ ይለኛል፣ ስለ እሷ የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቃል አይወጣትም ነበር። ክፍል ስትገባስ? ትስቅ ነበር?»

የፋይሉ ጠርዝ ጎኗን ወጋት። «ትስቅ ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ማንም አያውቅባትም። ግን ዓይኑን አየች። ይህ ሰው ያቺን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ይዟት ሊኖር ነው።

«አላውቃቸውም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አላስተማሩኝም። ቀያሽ ነኝ። የመጣሁት... ማለቴ፣ ለቅጥሩ ነው፣ እርስዎን ፈልጌ።»

«ምን አልሽ?» እህትየው ሳህኑን አስቀመጠች። «አፈሯ እንኳ ሳይደርቅ! ተነሺ! ውጪልኝ!»

ካርታው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞረ። አይዳ ተነሣች።

«ተያት እስቲ» አለ ኃይለ መለኮት። «እነዚያ ካርታ የያዙት ሦስቱ ኮንትራክተሮች ናቸው። አዲሳለምን አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም። እነሱንም አስወጪያቸዋ።»

እህትየው ከንፈሯን ነክሳ ሳህኗን አነሣች። ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ አቀረቀረ።

«ወረቀትሽን አሁን አትስጪኝ» አላት ኃይለ መለኮት አይዳን። «የምይዘውን አላውቅም፤ ከትናንት ወዲህ ስልኬን እንኳ ሁለቴ ጥዬ ሰው ነው ያገኘልኝ። ሰኞ ቢሮ እገባለሁ። ዝርዝሩ እስከ ሰኞ ይቆያል፣ አይደል? ቀኑ ሁሉ ተምታታብኝ።»

«ነገ ነው የሚዘጋው» ካለችው ስልኩን ያወጣል፤ እዚሁ፣ ለቀስተኛው ፊት፣ ስለ ቅጥር ያወራል። ኢየሩ ብትሆን ዓይኗን አታሽም ነበር። አይዳ ጣቶቹን አየች። ጉልበቱ ላይ ሆነው ቀን ይቆጥራሉ፤ ይስቱና እንደገና ይጀምራሉ።

«ይቆያል» አለች።

«እንግዲያው ካልቸኮልሽ ቁጭ በይ። አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ ልንገርሽ። መጀመሪያ የተገናኘነው አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ በወንበር ተጣልተን...»

አይዳ ፋይሉን አግዳሚው ሥር አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች።