የዘንዶው ጉማ

መምህር ኃይለመስቀል ጨዋታውን ያገኘው ከአሰላ ለቆ ከሄደ አንድ ስዊድናዊ የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ሰውየው ሻንጣ ቢጠብበት ከድመቱ ጋር ትቶለት ሄደ። አንድ መጽሐፍና ከአንድ እስከ ሃያ የተቆጠረ፣ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው በሐሳብ ዋሻ ይገባሉ፤ ምታቸው መሳካቱን የሚወረወረው ዳይስ ይወስናል። ኃይለመስቀል ዳኛ ነው፤ ዋሻውን ይተርካል፣ የሚያጋጥማቸውን ፍጥረት ሁሉ ሆኖ ይናገራል።

ችግር የመጣው እሁድ ከሰዓት፣ ከተዘጋ በር ጀርባ «ግደለው! ግደለው!» የሚል ጩኸት በመሰማቱ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረ መድህን ሽጉጡን ታጥቆ ደረሰ። መጽሐፉን አገላብጦ፣ «ይስተካከልና እኔም ልጫወት» አለ።

ተስተካከለ። በመጽሐፉ ያለው ፈረሰኛ መስፍን አብዮት ጠባቂ ሆነና ጓዱ ራሱ ሊጫወትበት ወሰደው። የነርሷ የአሰፋች ጠንቋይ የእንስሳት ሐኪም ሆነች፤ እሳት መትፋቷን ግን የከለከላት የለም። የልብስ ሰፊው የከዲሮ ሌባ፣ «በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሌባ የለም» ተብሎ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ። ሥራው ያው ነበር።

የቀረው ጠባይ ነው። መጽሐፉ ፍጥረትን ሁሉ ቅን፣ ክፉና በመሃል ያለ ብሎ ይከፍላል።

«በመሃል ያለ?» አለ ጓዱ። «መሃል ሰፋሪ ማለት አይደለም እንዴ? ይሰረዝ!»

ተሰረዘ። በዚያው ሰሞን የከዲሮ ሰው በጨዋታው ዋሻ ውስጥ እጁን የሰጠ ሽፍታ ገደለ። ጓዱ «ክፉ!» ብሎ ከተቀመጠበት ተነሳና ከዲሮን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ሁለት ሌሊት ቀበሌ አሳሰረው።

በሚቀጥለው እሁድ ዘንዶውን አገኙት። ክንፉን አጥፎ፣ በኃይለመስቀል አፍ፣ «ማረኝ ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለ። ጓዱ ዳይሱን ወረወረ። ሃያ! የዘንዶው አንገት ተቀነጠሰ።

ያጨበጨበ ሰው የለም።

«እጁን ሰጥቶ ነበር» አለ ከዲሮ ቀስ ብሎ።

«ሽፍታና ዘንዶ አንድ ነው?» አለ ጓዱ።

«ሽፍታው እንኳ ልጆች አሉኝ አላለም» አለች አሰፋች።

ሁሉም ወደ ዳኛው ዞሩ። ክፉ ቢል ሽጉጡ እዚያው ነው። ቅን ቢል ዳግመኛ ከዲሮን ቀና ብሎ አያየውም። መሃሉ ደግሞ ተሰርዟል።

«እኔ ልናገር?» አሉ ኦቦ ቱሳ። የከዲሮ አጎት ናቸው፤ ሊጠይቁት ከዲክሲስ መጥተው ጥግ ይዘው ሲያዩ ነበር። «ዘንዶው ተናግሯል፣ አይደል?»

«ተናግሯል ኦቦ።»

«የሚናገር ጎሳ አለው። ጎሳ ያለውን የገደለ ጉማ ይከፍላል፤ የደም ካሳ። እስኪከፍል ቅንም ክፉም አይባልም። ነፍሰ ገዳይ ነው።»

ጓዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። እሱም የዚሁ አገር፣ የጢቾ ልጅ ነው። ጉማ ያልከፈለን ሰው የሟች ዘመድ እንደሚበቀለው፣ ማርክሲዝም የሚባል ነገር ሳይሰማ በፊት ያውቃል።

«የሟች ዘመድ ማነው?» አለ።

ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ኃይለመስቀል ጠቆሙ። «በማን አፍ ነበር የለመነህ?»

በሳምንቱ ጓድ ገብረ መድህን ሽጉጡን ቤቱ ትቶ፣ ሙክት በግ እየጎተተ በአሰላ ዋና መንገድ መጣ።

«ለማን ነው ጓድ?» ይለዋል መንገደኛው።

«ለዘንዶው ቤተሰብ።»

በጉ ታረደ። ኦቦ ቱሳ የሁለቱን እጅ አያያዙ። ኃይለመስቀል ሊስቅ ነበር፤ ጓዱ አንገቱን ደፍቶ መቆሙን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «በጎሳችን ስም ምረንዎታል» አለ።

«አሁን ቅን ነኝ?»

«ገና ነው። ዘንዶው ልጆች አሉኝ ብሎ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ በግ ይገባል።»

«ስንት?»

ኃይለመስቀል ዳይሱን አነሳ። ጓዱ ሃያውን ገጽ አየ፤ ከዚያ የበጉን ቆዳ አየ።

«ወይም» አለ ኃይለመስቀል፣ «መሃሉ ይመለስና እርስዎም ከዲሮም እዚያ ብትገቡስ?»

«ይመለስ! ይመለስ አልኩህ! አንተ ብቻ ያንን ነገር አስቀምጠው።»