ፉፊ ሱግራ ቤት የተቀመጠው ሰርቨር

ተውቂር እባላለሁ፤ ላሆር ከተማ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፊት አዋቂ ነኝ፤ ቤት ስገባ ግን ባለቤቴ ኑድራት አለች።

ነገሩ የጀመረው የጎረቤታችን ሳሎን በኤሌክትሪክ እሳት የተቃጠለ ጊዜ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ የልጆቹ ፎቶ ሁሉ የነበረበት ኮምፒውተር ግን ቀለጠ። ያን ቀን እኔም ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። የሃያ ዓመት ፎቶ፣ የሠርጋችን ቪዲዮ፣ የሟች አባቴ ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ዲስክ ላይ ነው። ቅጂው ራሱ ያለው እዚያው ጎኑ ነው።

"ሌላ ከተማ አንድ ቅጂ ያስፈልገናል" አልኩ። ኑድራትም ወዲያው ተስማማች። ቦታ ለማግኘትም አልተቸገርንም። ወዚራባድ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እህት፣ እኛ አክስትን እንደምንጠራው ፉፊ ሱግራ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት፣ ጣሪያቸው ላይ ደግሞ ሶላር አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን በሳምንቱ ይገላገለው ነበር። እኔ ሰባት ወር ፈጀሁ። ቅጂውን ስለሚይዘው ኮምፒውተር፣ ስለ ሰርቨር፣ ያላነበብኩት ጽሑፍ፣ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ደብተር ገዝቼ አርባ መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሠራሁ። ተማሪዎቼ ሲፈተኑ እኔ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ የፕሮሰሰር ፍጥነት አነጻጽራለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ፎቶ እንኳ ከላሆር አልወጣችም።

በመጨረሻ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተወገደ ሰርቨር ገዛሁ። ሁለት ፕሮሰሰር፣ የስምንት ዲስክ ቦታ፣ ሃያ ስድስት ኪሎ። ኑድራት ዙሪያውን እየዞረች አየችው።

"የእኛ ፋይል በሙሉ ስንት ዲስክ ይሞላል?"

"የአንዱን ግማሽ።"

"ታዲያ ስምንት ዲስክ ምን ያደርግልናል?"

"ነገ ያድጋላ!"

"አሥራ ስድስት እጥፍ እስኪሆን ስንት ጊዜ ልንጋባ ነው?"

"ይሄ የሙያ ነገር ነው" አልኳት፤ ሙያዬ ኬሚስትሪ መሆኑን ረስቼ።

ወዚራባድ ስንደርስ ከተከራየነው መኪና ሹፌር ጋር እያቃሰትን ተሸክመን፣ ፉፊ ስንዴ የሚያስቀምጡበት ክፍል ውስጥ አኖርነው። ማብሪያውን ስጫነው ግቢው ተንቀጠቀጠ። ዶሮዎቹ አጥር ሥር ገብተው ተደበቁ። ፉፊ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ መቼ ነው የሚነሳው?"

"ምኑ?"

"አውሮፕላኑ ነዋ!"

"ሲጀምር ነው እንዲህ የሚጮኸው፤ አሁን ይረጋጋል ፉፊ።"

እውነትም ተረጋጋ። ከአውሮፕላን ወደ ወፍጮ ቤት ወረደ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪጁንና ማራገቢያዎቹን እስከ ማታ ይይዝ የነበረው የሶላር ባትሪ በአርባ ደቂቃ አለቀ። ፉፊ በዚያ ሙቀት በእጃቸው ያራግቡ ጀመር። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ጭራሽ የበቆሎ ቂጣ ጋግረው፣ ጎመኑ ላይ ቅቤ ጣል አድርገው አበሉኝ። በሰደቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ደወሉ።

"ተውቂር፣ ያንን ነገርህን አስተኛሁት።"

"እንዴት አስተኙት?"

"በወፍራሙ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነዋ። መጀመሪያ ትንሽ ዝም አለልኝ። በኋላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ገመዱን ነቀልኩት።"

እሑድ ስሄድ የዱቄት ጣሳ ተቀምጦበት አገኘሁት። ሰርቨር አየር እንደሚያስፈልገው ላስረዳ አፌን ስከፍት "ቁጭ በል" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

"ስትገዛው ይህን ጠይቀሃል? መብራት ስንት ይበላል? ድምፅ አለው? አንተ በሌለህበት ቢቆም ማን ያስነሳዋል?"

አርባውን መስመር በሐሳቤ አገላበጥኩ። ከሦስቱ አንዱም የለበትም።

"ኮሌጅ የምታስተምረው ምን ነበር ያልከኝ?"

"ኬሚስትሪ።"

"እንዲያ በለኝ" አሉ፣ እንደ ተገላገለ ሰው።

ትልቁን ሰርቨር ብረት የሚሰበስብ ሰው በኪሎ ወሰደው። እኔም ኮምፒውተር ከሚጠግን ሰው የመማሪያ መጽሐፍ የምታክል ያገለገለች ኮምፒውተርና አንድ አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ምርጫው የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። የምትበላው መብራት ከአንድ አምፖል አይበልጥም፤ ድምፅ የላትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራሷ እንድትነሳ አስተካከልኳት። ፋይሉን በኢንተርኔት ልላክ ብል ወራት ሊፈጅ ስለነበር፣ ኑድራት "መጀመሪያ እዚሁ ሞልተህ ውሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ አዳዲሱን ብቻ ትልካለህ" አለች። ይህንንም እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ እንዳለችው ሞልቼ ወዚራባድ ወሰድኳት።

በዓመቱ በዝናቡ ወራት ቤታችን ውስጥ መብራቱ ከመጠን በላይ ኃይል ለቀቀብን። ዋናው ዲስክ ተቃጠለ። ጎኑ ያለው ቅጂም አብሮት ሄደ፤ ሁለቱንም አንድ ሶኬት ላይ የሰካሁት እኔው ነኝ። የተቃጠለውን ዲስክ እያገላበጥኩ ሳለ ኑድራት "ተነስ፣ ጫማህን አድርግ" አለችኝ።

ወዚራባድ ስንደርስ ትንሿ ኮምፒውተር የአትክልት ኮምጣጣ ከሚቀመጥበት ማሰሮ ጀርባ አቧራ ለብሳ ቁጭ ብላለች። አዲስ ዲስክ ሰካሁባት፤ ፋይሎቹ አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመሩ።

እየገለበጠች ሳለ ፉፊ የሟች ባላቸውን ፎቶ እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ። ሰውየው ካሜራ ሲያዩ የሚሸሹ ስለነበሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። በመጨረሻ ከእኛ ሠርግ አንድ ተገኘ። ከኋላ ተቀምጠው፣ አፋቸው እንደተከፈተ ጉንጫቸው በሩዝ ተወጥሮ፣ ማን እንደሚያነሳቸው ሳያውቁ።

"ኑድራት ፊታቸውን በኮምፒውተር ልታስተካክለው ትችላለች ፉፊ፤ አፋቸውን እንዝጋላቸው?"

ስክሪኑን በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

"ተዉት" አሉ። "ሲበላ ደስ ይለው ነበር።"

ትልቅ አድርገን አሳትመን በሚቀጥለው ሳምንት ወሰድንላቸው። የተሰቀለበትን ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ተጣሟል።