ለመጻሕፍት የተተከለ ድንኳን

ወላሂ ይሄ ወሬ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። አንዲት ፍሬዋ ውሸት ከሆነች ከዛሬ ጀምሮ የምቀምሰው ማንጎ ሁሉ ሬት ይሁንብኝ። ከሚሴ ውስጥ ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀምጠናል። ሦስት ቀን ሙሉ። ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ግመል እንኳ ሳትቀር።

ነገሩ የዓፊያ ነው። ዓፊያ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት የምትጠብቅ ሴት ናት። ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል ነው፤ መደርደሪያ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ አለቀ። ዓፊያ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ሆና አገር አቀፍ ሰው ናት። አዲስ አበባ ያለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር አባል ናት፤ በዞኑ ከእሷ በቀር አባል የለም። ማኅበሩ የላከላትን ባጅ ሰርግ ስትሄድ እንኳ ከአንገቷ አታወልቀውም።

አያ ዓብዱ፣ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ፣ ባጁን ባዩ ቁጥር ይነካኳታል።

"ማኅበርሽ ደህና ነው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አያ ዓብዱ።"

"ድንኳን ገዛ?"

"የሙያ ማኅበር ድንኳን ምን ያደርግለታል? ሥልጠና ይሰጣል፣ የቤተ መጻሕፍት ደረጃ ያወጣል፣ በዓመት አንዴ ይሰበስበናል።"

"ክፉ ቀን ሲመጣስ?"

"ይመጣሉ።"

"መጥተው ያውቃሉ?"

"ክፉ ቀን አልመጣማ!"

ቅሬን ለማያውቅ ልንገረው። ቅሬ እኛ አገር ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቅሶ የሚቀመጥ የሰፈር ማኅበር ነው። ያልመጣውን ይቀጣል። ለአያ ዓብዱ ማኅበር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ዓፊያም ፊት ለፊታቸው ትሳቅ እንጂ ቤቷ ስትገባ ነገሩ ያሳስባት ነበር። በየዓመቱ የሚደረገው ስብሰባ ዝናብ ሲዘንብ፣ ድልድይ ሲሰበር፣ መንገድ ሲዘጋ ቀርቶባት አንድም ቀን አልደረሰችበትም። አባላቱን በስልክ ድምፅ ነው የምታውቃቸው። ድምፅ ደግሞ ሬሳ አይሸከምም።

እናም ክፉው ቀን መጣ። የከተማው የንብረት ኃላፊ ከማል፣ የስብሰባ ወንበሮች የሚያስቀምጥበት አጣና ክፍሉ እንዲለቀቅ አዘዘ። መጻሕፍቱ ለጊዜው በረንዳ ላይ ይቆዩ ተባለ። የመንግሥት "ለጊዜው" እንዴት ጢም እንደሚያወጣ የማያውቅ የለም። ዓፊያ ወደ አዲስ አበባ ደወለች። ብሩክ የሚባል የማኅበሩ ሰው አነሳ። ስትነግረው ድምጿ ተቆራረጠ።

"እንመጣለን" አላት። "አይዞሽ እህቴ ዓፊያ።"

በማግስቱ ጠዋት ብሩክ አልመጣም፤ የቀን ሠራተኞቹ መጡ። መጻሕፍቱን በረንዳ ድረስ መሸከም ሰለቻቸውና ግቢው መሐል ከመሯቸው፤ ወንበሮቹን አስገብተው ቆልፈው ሄዱ። ዓፊያ ክምሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

እትዬ ዓዲላ ሽንኩርት ሸምተው ሲመለሱ እንደዚያ ሆና አዩዋት። እኛ ጋ እንዲህ የተቀመጠ ሰው "ማን ሞተብህ?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። እትዬ ዓዲላ ሽንኩርቱን በትነው "ኢንተላ ኮ! ልጄ! እኔን ያስቀድመኝ!" እያሉ አጠገቧ ተዘረፈጡ። እሳቸው ሲያለቅሱ የቦርከና ወንዝ ይሞላል ይባላል። ግነት ነው። የሚሞላው እስከ ግማሹ ነው።

ዓፊያ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ከጠዋት ጀምራ የያዘችው እንባ ቀደማት። ያን ያዩ ሴቶች ገቡ። ሴቶቹን ያዩ ወንዶች ገቡ። የቅሬው ጥሩንባ ተነፋ፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ድረስ ተሰምቶ በሬ ሊገዛ ሲከራከር የነበረ ሰውዬ ዋጋ ሳይቆርጥ ተነሳ ይባላል። ድንኳኑ በአንድ አፍታ ቆመ። መቀመጫ ሲያንስ ጎረምሶቹ ያን ክፍል አስከፍተው የስብሰባ ወንበሮቹን አንድ ሳያስቀሩ አወጧቸው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አያ ዓብዱ ጎንበስ ብለው "ዓፊያ፣ ማነው?" ያሏት።

"ማንም አያ ዓብዱ። መጻሕፍቱን አውጥተውብኝ ነው።"

አያ ዓብዱ ድንኳኑን አዩ። የሚንተከተከውን ንፍሮ አዩ። ድምፃቸው የተዘጋውን እትዬ ዓዲላን አዩ።

"እንንቀለው በሉና!" አለ አንዱ። "ሰው አልሞተም እኮ!"

"ድንኳናችን በተተከለበት ቀን ተነቅሎ ያውቃል? ሦስት ቀን ነው።" አያ ዓብዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሶላተል ጀናዛ አንሰግድም፣ መቃብር አንቆፍርም፤ በዲን፣ በሃይማኖት አንቀልድም። ግን የሰፈራችን ልጅ ክፉ ቀን መጥቶባታል። ከእሷ ጋር እንቀመጣለን። የቀረ ይቀጣል።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያ ማኅበርሽስ?" አሏት።

"ይመጣሉ" አለች። ይህን ጊዜ ግን ከራሷ ጋር የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ከማልም የቅሬው አባል ነው። በሁለተኛው ቀን አንገቱን ደፍቶ ገባና ጥግ ያዘ። ከጎኑ የተቀመጠው ሙሐመድዘይን የሚባል የባቲ ሰው ነበር፤ ግመሉን እየነዳ ሲያልፍ ድንኳን አየና፣ ለቅሶ አይታለፍም ብሎ የገባ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ግን የነገረው የለም።

"ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ" አለው ለከማል።

"አሚን።"

"ሟቹ ምንህ ነው?"

ከማል ዙሪያውን አየ። ንፍሮ የሚያላምጠው ሁሉ ማላመጡን አቆመ።

"የ... የመሥሪያ ቤት ነው።"

"አሃ፣ ባልደረባ። ምን አሞት ነበር?"

"አላመመውም። ድንገት ነው።"

"ድንገተኛ ክፉ ነው። ሲያልፍ ማን ነበረ አጠገቡ?"

"እኔ" አለ ከማል፣ ላቡን እየጠረገ።

"ታድያ ቅርቡ አንተ ነሃ! እኔ ባዳ መስለኸኝ! ከቶ እዚህ ጥግ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ በእጁ ጎትቶ ወሰደና ፊት ለፊት፣ የሟች ዘመድ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ዓፊያ ጎን አስቀመጠው።



"ለጊዜው ነው ያልኩሽ እኮ" አላት ከማል። "ወንበሮቹን ዝናብ ጨረሳቸው።"

"መጽሐፍስ ዝናብ ሲጠጣ ይወፍራል?"

"ምን ላድርግ ዓፊያ? ያለችኝ ባዶ ክፍል እሷ ናት።"

"ባዶ ነበረች?"

 ዓፊያ አልጨቀጨቀችውም። ሌሊቱን ስትረግመው ያደረችው ሰው ሌላ ነበር፤ ግዙፍ፣ ክፉ፣ ጥርሱ የሾለ። አሁን አጠገቧ ያለው ወንበር ማስቀመጫ የቸገረው ከማል ነው። በእሱ ላይ መናደድ እንዴት እንደሚከብድ ገረማት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ኮት የለበሰ ሰው፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የጠራቸውን ሁለት ባልደረቦች አስከትሎ፣ ግቢው በር ላይ ደረሰ። ድንኳኑን ሲያይ ቦርሳው ከእጁ ወደቀ።

"ዓፊያ!" ብሎ ጮኸ። "እህቴ ዓፊያ! ዘገየንብሽ!" ደረቱን እየመታ ገባ። በስልክ ስታለቅስ ሰምቷታል፤ ደርሶ ያየው ደግሞ ድንኳን ነው። ሞታለች እንጂ ሌላ ምን ያስብ?

ዓፊያ ድምፁን አወቀችው። መልኩን አይታው አታውቅም፤ እሱም አያውቃትም፤ አጠገቧ ቆሞ ስሟን እየጠራ ያለቅሳል። ወዲያው ልታስቆመው ይገባ ነበር። አላስቆመችውም። ትንሽ ቆየች። ለራሱ ተለቅሶለት የሰማ ሰው ስንት ነው? ጎረቤት ቢያለቅስ የቅሬ ግዴታ አለበት፤ ይህን ሰው ግን ምንም ግዴታ አልያዘውም። ስትጠግብ ተነሳችና ባጇን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

"ወንድሜ ብሩክ፣ እኔ ነኝ።"

ባጁን አነበበ። ፊቷን አየ። ባጁን ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አያ ዓብዱ ግን አልሳቁም። ውሃ አስቀዱለትና "ማኅበራችሁ ያልመጣውን ይቀጣል?" ሲሉ ጠየቁት።

"አይቀጣም፣ አባቴ።"

"ታድያ ለምን መጣህ?"

"ስለጠራችኝ።"

አያ ዓብዱ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። "ሳይቀጡ ማምጣት" አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። "እኛስ ቅጣቱን ብንተው ስንት ሰው ይመጣ ይሆን?"

ብሩክ የቤተ መጻሕፍት ደረጃ የሚያወጣውን መመሪያ ከቦርሳው አውጥቶ ለከማል ሊያነብለት ሲዘጋጅ፣ በድንኳኑ ጎን አንገቷን ያስገባችው የሙሐመድዘይን ግመል ነጥቃ አላመጠችው። ሽፋኑን ብቻ ተፋች። ብሩክም "እንግዲህ ያስታወስኩትን ልንገራችሁ" አለ። "መጻሕፍት ይኑሩ፣ የሚያውቃቸው ሰው ይኑር፣ የሚያነብ ይኑር፣ ከዝናብ የሚጋርድ ጣራ ይኑር።" ከዚያ ሌላ አላስታወሰም። ሁሉም ቀና ብሎ የድንኳኑን ሸራ አየ።

የቤተ መጻሕፍት ሰው ደግሞ የተዘበራረቀ መጽሐፍ አይቶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም። ሦስቱ እንግዶች ከዓፊያ ጋር ሆነው ክምሩን ይለዩ፣ አቧራውን ያራግፉ፣ ወንበሮቹ ላይ ይደረድሩ ጀመር። ለቀስተኛውም ሦስት ቀን ተቀምጦ ወሬ አልቆበት ነበርና እጁ የገባውን ገለጠ። አንዱ ስለ ንብ፣ አንዱ ስለ ጥርስ ሕመም። እትዬ ዓዲላ ማንበብ ስለማይችሉ ሙሐመድዘይንን ያዙት፤ እሱም እያደናቀፈው ስለ ባሕር ዓሣ ያነብላቸዋል።

ሲመሽ አያ ዓብዱ ተነሱ። "ድንኳኑ ይነቀል። ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ከቤት የወጣ ዕቃ ወደ ቤት ይመለሳል።"

ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቤት ወንበርም ወጥቷል፣ መጽሐፍም ወጥቷል። 

"የቱ ይግባ?" አለ አንዱ።

"ቅርቡን ጠይቁት እንጂ!" አለ ሙሐመድዘይን፣ ከዓሣው ሳይነሳ ወደ ከማል እየጠቆመ።

ሰው ሁሉ ወደ ከማል ዞረ። ከማል ወንበሮቹን አየ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ተቀምጦባቸው ነበር፤ ከተገዙ ጀምሮ እንዲህ አልተቀመጠባቸውም።

"አያ ዓብዱ፣ የቅሬው ዕቃ ቤት ቦታ አለው?"

"ድንኳኑ ነው የሚያድርበት። ሰፊ ነው።"

"እንግዲያው ወንበሮቹም እዚያ ይደሩ። ለቅሶ ሲኖር ተቀመጡባቸው፣ ስብሰባ ሲኖር እንወስዳለን።" ይህን ብሎ ጎንበስ አለና መጽሐፍ በእቅፉ ሙሉ አነሳ። እንባው ከላይኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ጠብ አለች። ወደ ክፍሉ ገባ። ዓፊያ ተከተለችው፤ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጥ አያውቅማ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ግመሏ መመሪያውን መብላቷን የሚጠራጠር ካለ ባቲ ወርዶ ይጠይቃት። አንዲት ነገር ብቻ እኔ ጨምሬያለሁ፤ የከማልን እንባ። ከማል አላለቀሰም። መጻሕፍቱን ተሸክሞ በደረቅ ዓይኑ ነው የገባ። እኔ ግን ሦስት ቀን ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንደዚያ ሆኖ ሲወጣ አላስችል አለኝና አንዲት ጠብታ አበደርኩት።