የቆረጥኩት ክር

ሙዚየም ከመቀጠሬ በፊት አጎቴ ልብስ ስፌት ቤት ክር ለቃሚ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ብጨርስም ውጤት አልመጣልኝም፤ ከተሰፋ ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ክር ስቆርጥ ሁለት ዓመት አለፈ። ሥራው በሐሳብ መንጎድን አይከለክልም፤ ስለዚህ አልጠላሁትም።

ሙዚየሙ ውስጥ የአንገት ጨሌና የብር አምባር እወለውላለሁ፤ የቆዩ ልብሶችን አቧራ አራግፋለሁ።

ሴትዮዋ የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጠና ያሉ ናቸው። ሰማያዊ ጥለት ያለው ኩታ የተዘረጋበት መስታወት ፊት ቆመው ቀሩ። ጽሑፉ «የትከሻ ልብስ፣ ጥጥ። ሸማኔው አይታወቅም» ይላል።

«ይታወቃል እንጂ» አሉኝ። «አባቴ ነው።»

አለቃዬን ጠራሁት። ነጭ ጓንት ከእጁ ስለማይለይ ጓንት እንለዋለን፤ በሌለበት።

«እናት፣ እንዲህ የሚሉን ብዙ ናቸው» አላቸው። «ምልክት አለዎት?»

«አባቴ የመጨረሻዋን ማግ አይቆርጣትም። ቀኝ ጥግ ላይ ቋጥሮ ይተዋታል። ‹ጨረስኩ ያለ ሸማኔ እጁ ይሰንፋል› ይል ነበር። ሌላ እንዲህ የሚያደርግ ካለ አምጡልኝ።»

ጓንት መስታወቱን ከፍቶ ጥጉን ገለጠ። ልሙጥ ነው።

«ይኸው» አለ።

ሴትዮዋ ጥጉን ሲያዩ ቆዩ። «እንግዲህ ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው» አሉና ቦርሳቸውን አነሱ።

«ነበረ» አልኩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ጓንት ዞረ። «ምን አልክ?»

«አምና ስናጸዳው። የተረፈ ክር መስሎኝ።»

«የት አደረግኸው?»

«ጣልኩት።» እጅ የለመደውን አይተውም፤ ቆርጬ ከጣልኩ በኋላ ነበር መቁረጤን ያወቅኩት።

«መቀስ ያስያዘህ ማነው ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አጎቴ።»

«በደንብ ነው ያስተማረህ።»

ጓንት ቢሮው አስገባኝ። «በአፍ ብቻ የሸማኔው ስም አይለጠፍም። ክሩን መቁረጥህን ጽፈህ ትፈርማለህ። ቅርስ ማበላሸትህ ደግሞ ማህደርህ ውስጥ ይገባል። ኮንትራትህ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። አስበህበታል?»

«አዎ» አልኩ። አላሰብኩበትም። ባስብበት ኖሮ አልጽፍም ነበር።

ሦስት መስመር ጻፍኩ።

በወሩ ጽሑፉ ተቀየረ፤ «አይታወቅም» በሚለው ቦታ የአባታቸው ስም ገባ። የእኔ ኮንትራት አልታደሰም። የመጨረሻ ቀኔ ላይ ሴትዮዋ መጥተው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ወደ ጥጉ አዩ።

«ክሯ ምን ያህል ትሆን ነበር?»

ትንሿን ጣቴን አሳየኋቸው። የራሳቸውን ጣት ከጎኗ አቁመው ለኩ።

«ልክ ነው» አሉ። ቀጥለውም ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።