ፍሪጁ አጠገብ የቀረ ድምፅ

ዘምዘም ከአረብ አገር በተመለሰች በሦስተኛው ቀን ድምጿ ደሴ ውስጥ እንደማይሠራ ተረጋገጠ። አፏን ትከፍታለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምላሷም ሥራዋን ትሠራለች፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ ጉሮሮዋን አየና «ጤነኛ ነው» አለ። እንዲያውም እንደዚህ ያለ ንጹሕ ጉሮሮ ካየ ቆይቷል።

በአራተኛው ቀን እቤት ስልክ ተደወለ። የደወለችው ለይላ የምትባል የከሚሴ ልጅ ናት። ዘምዘም ሰባት ዓመት በሠራችበት ቤት፣ በእሷ ቦታ የገባችው ሠራተኛ ናት። ሰላምታም አላበዛች።

«ልጃችሁን ቀስ ብለሽ አውሪ በሏት» አለች። «ወጥ ቤት ፍሪጁ አጠገብ ሆና ስትለፈልፍ ነው የምትውለው። ማዳም እኔ እየመሰልኳት ትሰድበኛለች።»

«ምን እያለች ነው የምትለፈልፈው?» አሉ እናትየው፣ እትዬ ከድጃ።

«እማዬ እኔ ነኝ፣ እማዬ እኔ ነኝ ትላለች። ትናንት ደግሞ ጨው አንሶታል አለች።»

ጨው በእርግጥም አንሶት ነበር። ትናንት ምሳ ላይ ዘምዘም ሽሮውን ቀምሳ አንድ ነገር ተናግራ ነበር፤ የሰማት ሰው አልነበረም እንጂ።

እትዬ ከድጃ ልጅቱን ይዘው፣ ወይም ልጅቱ እሳቸውን ይዛ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው የአንዳርጌ ሱቅ ሄዱ። ድምፅ የጠፋበትን ነገር ሁሉ ወደ አንዳርጌ መውሰድ የሰፈሩ ልማድ ነው። ድሮ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴፕ፣ አሁን ሞባይል። አንዳርጌ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሟል። አንድ ብሎን ሲፈታ አንድ ቀልድ፣ ሲያጠብቅም ሌላ ቀልድ ያወራል።

«ድምፅ የሌላት ሴት!» አለ ሁሉንም ከሰማ በኋላ። «እትዬ፣ ይሄን ነገር ጮክ ብለው አያውሩት። የሰፈሩ ባሎች በሙሉ ከነሚስቶቻቸው ይሰለፉብኛል።»

እትዬ ከድጃ አልሳቁም። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ስማኝ አንዳርጌ» አሉ። «ይቺ ልጅ ልጄ መሆኗን በምን ልወቅ? መልኳን አላይ። እጇን ዳበስኩት፣ እንደ ድንጋይ ሻክሯል፣ በረኪና በረኪና ይላል። የኔ ልጅ እጅ እንዲህ አልነበረም። የቀረኝ ድምጿ ነው።»

ዘምዘም አጠገባቸው ቆማ አንድ ነገር ተናገረች። ሱቁ ውስጥ ምንም አልተሰማም።

አንዳርጌ ስልኳን ተቀበላትና ከእትዬ ከድጃ ስልክ የአገር ቤት ሲም አውጥቶ ከተተበት። ስልኩ «ይህ ሲም አልተፈቀደም» ብሎ ጻፈ። አንዳርጌ ስልኩን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ።

«ማዳምሽ ናት የገዛችልሽ?»

ዘምዘም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ ስልክ የተቆለፈ ነው» አለ። «ከዚያ አገር ኩባንያ ሌላ መስመር አይቀበልም። እሷም አብራ ተቆልፋለች።»

«ታዲያ ክፈታት» አሉ እትዬ ከድጃ።

አንዳርጌ የሚሠራውን ሥራ ለደንበኛ ሳያስረዳ አይጀምርም። ስልክ ውስጥ ዘበኛ አለ፣ ቡትሎደር ይሉታል፣ አለ። ስልኩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። የዚህኛው ዘበኛ ጆሮ የቀጠረውን ኩባንያ እንጂ ሌላ ሰው አይሰማም። መጀመሪያ እሱን ማስከፈት፣ ከዚያ ስልኩን ሩት ማድረግ ነው።

«ሩት ደሞ የማን ልጅ ናት?»

«ሰው አይደለችም እትዬ። ልጅቷ እስካሁን የስልኩ ተከራይ ነበረች። ሩት ሲደረግ ባለቤት ትሆናለች። ግድግዳ ማፍረስ ቢያምራት ታፈርሳለች።»

በኮምፒውተሩ ለዘበኛው ጥያቄ ላከ። መቶ ስድሳ ስምንት ሰዓት ይጠብቁ የሚል መልስ መጣ። ሰባት ቀን ማለት ነው።

በእነዚያ ሰባት ቀናት ሁለቱ ሴቶች በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ይመጣሉ። በዚያ ሰዓት ማዳም ገና ተኝታለች። አንዳርጌ ለለይላ ይደውላል፣ ለይላ ስልኳን ፍሪጁ ላይ ታስደግፋለች። ዘምዘም አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ከእናቷ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣ ትናገራለች። ድምጿ ባሕር ማዶ ወጥ ቤት ውስጥ ይወጣና በስልክ ተመልሶ ደሴ ይመጣል።

«እማዬ፣ አጠገብሽ ነኝ።»

«ልጄ!» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። እንባቸው ወረደ። ትንሽ አልቅሰው ሲያበቁ ወደ አንዳርጌ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል፣ ልጄ እዚያው አረብ አገር ናት። ጆሮዬ ሰማ። ታዲያ ይቺ እቤቴ የምታድረው ማናት?»

ነገሩ ከተሰማው አንፃር እሳቸው ትክክል ነበሩ። ዘምዘም ሻርፗን በጥርሷ ነክሳ ቀረች።

በአምስተኛው ቀን የለይላ ስልክ አልሠራ አለ። በስድስተኛውም አልሠራም። ማዳም ፍሪጁ ላይ ተደግፎ አግኝታው ወስዳዋለች።

ሰባተኛው ቀን አምስት ሰዓት ላይ ዘበኛው ፈቃድ ሰጠ።

እዚህ ላይ የአንዳርጌ ሱቅ አንድ ሕግ አለው። ዘበኛው ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለ ነገር በሙሉ ይጠፋል። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ሙሽራ የሠርጉ ፎቶ ጠፍቶበት፣ ከነሚዜዎቹ መጥቶ አንዳርጌን ጠረጴዛው ሥር እንዲደበቅ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ፣ ምስክር ባለበት፣ «አውቄያለሁ፣ ይጥፋ» ብሎ በአፉ ሳይናገር አንዳርጌ አንድም ስልክ ከፍቶ አያውቅም። ጽሑፍ አይቀበልም፤ የኔ ጽሕፈት አይደለም የሚል ደንበኛ ገጥሞታል። ግድግዳው ላይ «በአፍ ያልተነገረ አይከፈትም» ብሎ ለጥፏል።

ፎቶዎቹን አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተሩ ቀድቷቸዋል። ሦስት መቶ ናቸው። ሁለት መቶ ዘጠናው የአንድ መስኮት ፎቶ ነው።

«በይ እንግዲህ ተናገሪ» አለና ወዲያው ስህተቱ ገባው። ለለይላ ደወለ፤ አይነሳም። ዘምዘም ወረቀት አውጥታ «ይጥፋ» ብላ ጻፈች። አንዳርጌ ወረቀቱን አይቶ ወደ ግድግዳው አመለከታት።

«ሕግ ሕግ ነው የኔ እህት። አንድ ቀን ከጣስኩት ሚዜዎቹ ይሰማሉ።»

«እኔ እልላታለሁ» አሉ እትዬ ከድጃ። «እናቷ ከሆንኩ ስለ ልጄ መናገር እችላለሁ። ካልሆንኩም ምን ይጎዳኛል?»

አንዳርጌ አሰበበት። ክፍተት አላገኘበትም። ምስክር ይሁን ብሎ በራፉ ላይ ሲም የሚሸጠውን ሙሄን ጠራው። ሙሄ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«አውቄያለሁ፣ ይጥፋ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ዘምዘም ከወንበሩ ተነሳች። እጇን አወናጨፈች፣ ከንፈሯ ቶሎ ቶሎ ተንቀሳቀሰ። አንዳርጌ የቸኮለች መሰለው።

«አብሽሪ፣ ፎቶሽን ቀድቼዋለሁ» አላት። ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ይዞ ገመዱን ሰካ። ስልኩ «ሁሉም ይጠፋል» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» ላይ ወርዶ ተጫነ።

ስልኩ ጠቆረ። ተነሳ። እንኳን ደህና መጡ አለ። አንዳርጌ ሩት አደረገው፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ዘምዘም አሥራ አምስቱንም ደቂቃ ጠረጴዛውን እየደበደበች አፏን ስትከፍት ነበር፤ እሱም «ደረሰ፣ ደረሰ» ይላታል። በመጨረሻ የአገር ቤቱን ሲም ከተተ። አራቱም የኔትወርክ መስመሮች ሞሉ።

«...ተው አልኩህ እኮ ጋሼ! እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ያለብኝ!»

ድምፁ ከመሃሉ ጀምሮ ሱቁን ሞላው። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ሙሄ ሲሞቹን በተነ። አንዳርጌ ክው ብሎ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ዘምዘም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ወደ አግዳሚ ወንበሩ ዞረች።

«እማዬ።»

እትዬ ከድጃ ፊታቸውን በትሕትና ወደ ድምፁ መለሱ።

«አቤት የኔ ልጅ። እናትሽ ጠፍታብሽ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ዘምዘም ነኝ።»

«ደስ የሚል ስም ነው» አሉ እትዬ ከድጃ። «ልጅ ቢሰጠኝ ኖሮ እንደሱ ነበር የምላት።»

ዘምዘም መሬት ተቀመጠች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከአንዳርጌ ያልጠፋው ቀልድ አሁን የለም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ሦስት መቶዎቹን ፎቶዎች ከፈተ። መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት። የሚያሳያቸው ደግሞ ለማይታያቸው ሴት ነው።

ያኔ ስልኩ ጠራ። ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። ዘምዘም አነሳችው፣ ድምፁም ለሁሉም ተሰማ። ለይላ ናት።

«በማዳም ስልክ ነው፣ ራሷ ናት ደውዪ ያለችኝ» አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ፍሪጁ ዝም ብሏል። ከመጥፋትሽ በፊት ተው፣ ተው ስትዪ ነበር። አሁን ግን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመዋል።»

«በየት ገቡ?» አለ አንዳርጌ።

«እኔ ምን አውቄ! በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ልጄ ዘምዘም እዚህ ናት፣ ድምጿን ሰምቼ ነው የመጣሁት ይላሉ።»

«ማዳምስ?»

«መጀመሪያ ጮኸች። ቀጥላ ሽርጥ ሰጠቻቸው።»

ዘምዘም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰሃን እያጠቡ ነው። ልቀበልዎ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። እሷ እስክትመጣ እኔ ልሥራላት ነው የሚሉት።»

መስመሩ ተቋረጠ።

«መልሰህ ቆልፈው» አለች ዘምዘም። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ቆልፈው።»

«ሲቆለፍም ያጠፋል» አለ አንዳርጌ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እንደገና ሁሉንም ያጠፋል። እንደገና አንድ ሰው ይጥፋ ማለት አለበት፤ ይጥፋ ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ይጠፋበታል።»

ሦስቱም ወደ ግድግዳው ጽሑፍ አዩ። ሙሄ አንገቱን ከበራፉ መለሰ። ዘምዘም አፏን ከፈተች። አንዳርጌም ከፈተ። «ይጥፋ» ያለ ግን የለም።

ጠብ የሚል ነገር ተሰማ። ጣሪያው አያፈስም፣ ውጭም ፀሐይ ነው። እንደገና ጠብ አለ። አንዳርጌ ጎንበስ ሲል ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ረጥቧል።

ዘምዘም በጉልበቷ ሄዳ የእናቷን ግራ እጅ ያዘች። እስከ ክርኑ እርጥብ ነው፤ ጣቶቹ መሃል ነጭ አረፋ አለ። አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ የሚለው የማዳም ቤት በረኪና ነው። ደሴ ውስጥ አይሸጥም።

እትዬ ከድጃ ፈገግ ብለው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ክብ እየሠራ ቀስ ብሎ ይዞራል። አንዱን ጨረሰ፣ ወደ ጎን አስቀመጠው፣ ሌላ አነሳ።