ለማን ነው ግልጽ የሆነው?

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር እውነት ነው። ከፀጉር የቀጠነች ውሸት ከተገኘችበት ተራኪው ቀሪ ዕድሜውን የማባዣ ሠንጠረዥ ሲሸመድድ ይኑር። የሚጠራጠር ካለ ባለታሪኩን ይጠይቅ። ምስክር ካስፈለገም ባለታሪኩ ሚስቱን ይጠራል፤ እሷ ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

ባለታሪኩ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። «ግልጽ ነው» የምትል ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ ተማሪዎቹ ቲቸር ግልጽ ይሉታል። በባዶ እጁ ሰሌዳ ላይ ክብ ሲስል ኮምፓስ ያፍራል። አንድ ቀን በመስኮት የገባች ፀሐይ የእሱን ክብ አይታ የራሷን ቅርጽ አስተካክላ ወጥታለች። ደፋር ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ ይሄ ግን ለምን ሆነ?» ካለው የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ያራግፍና «ግልጽ ነው!» ይለዋል። ልጁም ይቀመጣል። ስንት ትውልድ እንዲህ ተቀምጧል።

ታዲያ አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ማስተርስ የሌለው ሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍል አያስተምርም» ሲል ቲቸር ግልጽ ወንበሩ የከዳው መሰለው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለእሱ የሥራ ቦታ አይደለም፤ ዙፋኑ ነው። ከዚያ አውርደው ዘጠነኛ ክፍል ከሚያስገቡት ከነነፍሱ ቢቀብሩት ይመርጣል። ሳይውል ሳያድር ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን በኢንተርኔት በሚሰጥ የሒሳብ ማስተርስ ተመዘገበ።

ኮምፒውተሩ ትልቋ ልጁ አዲስ ስትገዛ የተወችለት ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ አበቃ። ማራገቢያው ሲነሳ ሄሊኮፕተር ያስንቃል፤ ጎረቤቶች ዶፍ መጣ ብለው የተሰጣ ልብስ ይሰበስባሉ። ኢንተርኔቱ ደግሞ ትምህርቱ መሀል ቀጥ ይልና መምህርቷ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። ቲቸር ግልጽ ያን የተከፈተ አፍ እያየ ስንት ምሳ በልቷል።

ይህን ሁሉ ችሎታል። ያቃተው መምህርቷን ነው። ዕድሜዋ ከልጁ አይበልጥም፤ ገና ስትጀምር ግን የሰጠችው የቤት ሥራ «ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ለምን ዜሮ እንደሚሆን አረጋግጡ» የሚል ነበር።

«ማስተርስ ተብሎ የሦስተኛ ክፍል ጥያቄ!» ብሎ ሳቀ። «ግልጽ ነው» ብሎ ጽፎ ላከ።

በማግስቱ ተመለሰለት። ዳር ላይ በቀይ፦ «ለማን?»

ደሙ ፈላ፤ እንፋሎቱ መስኮቱን ጋረደው። ሁለተኛውን ሙከራ በምልክት አጨናንቆ ላከ፤ ምልክቶቹ በአንድ መስመር ቢሰለፉ ሰፈሩን ዞረው ይመለሱ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መጨረሻው ላይ እጁ ለምዶበት «ስለዚህ ግልጽ ነው» ብሎ ዘጋው። ተመለሰ። «ለማን?»

«ለሰው ልጅ ነዋ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ባለቤቱ ብቅ አለች። እሷም እዚያው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ይቺ ልጅ ታሾፍብኛለች! እኔ ዜሮን ሳስተምር እሷ ጡት አልጣለችም።»

«ምንድን ነው ያለችህ?»

«ለምን ዜሮ ይሆናል ትለኛለች!»

«እና ለምንድን ነው?»

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ስክሪኑ ላይ ዜሮዋ አፏን ከፍታ ታየዋለች።

የቀረው ሦስተኛውና የመጨረሻው ዕድል ነበር፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፊት ለፊት በቪዲዮ፣ በቃል። እዚህ ከወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልም ደህና ሁኚ።

ቅዳሜ መምህርቷ እንደ ዐቃቤ ሕግ አፈጠጠችበት። እሱ ግን መለሰ! እንዴት ያለ መልስ! ከዜሮ ተነስቶ፣ ዜሮን ከዜሮ ጋር ደምሮ፣ መንገዱን እየጠረገ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቆሞ አዳመጠው። መምህርቷ «ለምን?» ብላ ጮኸች፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። እሱም የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር፣ ነገሩን ሁሉ የምትቋጨዋን፣ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ድርግም! መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ከተማው በሙሉ ጭጭ አለ። ሄሊኮፕተሩም ወደቀ።

ሰኞ ይህን ሁሉ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቆሞ ተረከ። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ አዳመጠው።

«ጠዋት እንደነገርከኝ ለዩኒቨርሲቲው ደውዬ ነበር» አለ። «መብራት መጥፋቱን ያየ ሰው ቃሉን ከሰጠ ድጋሚ ይፈትኑሃል። ከሌለ ግን ወድቋል ነው የሚሉት።»

«ምስክርማ ሞልቷል! ከተማው ምስክሬ ነው!»

«እኛ ቤት እንኳ ቅዳሜ ኳስ ሳይ ነው የዋልኩት» አለ የስፖርት መምህሩ ፈገግ እያለ።

«የእናንተ መስመር ሌላ ነው!»

«ይሁንልህ ጋሼ። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ለእኛ ንገረና። ለምንድን ነው ዜሮ የሚሆነው?»

ቲቸር ግልጽ ኪሱን ዳበሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄማ... ግልጽ ነው።»

ሳቁ መስኮት አርገበገበ። ወደ ጥጉ ዞረ፤ ባለቤቱ አንገቷን ደፍታ የፈተና ወረቀት ታርማለች።

«እሷ ቤት ነበረች! ንገሪያቸው እንጂ የኔ እመቤት። መብራት ሲጠፋ አልነበርሽም?»

የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። ቀና አለች፣ እሱን ብቻ እያየች።

«መብራት አልጠፋም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄን የለበስከውን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ልጅቷም አልጮኸችብህም። ‹ጊዜ አለን፣ ቀስ ብለው ያስቡበት› ነው ያለችህ። ያኔ ነው የኮምፒውተሩን ገመድ የነቀልከው።»