ድንጋይ የጫነች የካርቶን መኪና

ሹፌሩን ያስቸገረው የገዛ ልጁ ጨዋነት ነበር። ሚጡ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ያደገችው በእናቷ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ነው። ወንድ ደንበኛ ሲያናግራት "እሺ ጋሼ" ማለት ለምዳለች። አባቷ በጭነት መኪናው አገር ለአገር ዞሮ ሲመለስም ያው ናት። ከረሜላ ሲሰጣት "እሺ ጋሼ" ትልና ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ትሸሸጋለች። እናቷ ላይ ግን ጉድ ነው! ትጮሃለች፣ ትነክሳለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ሹፌሩ ይህን እያየ አንጀቱ በቅናት ያርር ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅናት ደግሞ ለሰው አይወራም።

በበጋ እረፍቱ ሁለቱንም ይዞ ሐይቅ ዳር ወጣ።

"እዚህም ካልለመደችኝ መቼም አትለምደኝም" አላት ሚስቱን፣ የቀለደ ለመምሰል እየሞከረ።

"አትቸኩል፤ ልጅ እንደ ሞተር በቁልፍ አይነሳም" አለችው።

ያረፉበትን ድንኳን የሰፋችው እሷ ናት፣ ከዝናብ ካፖርት በተረፈ ጨርቅ። በውስጥ በኩል ለባትሪው፣ ለማበጠሪያው፣ ለሚጡ ጫማ ሳይቀር ኪስ አውጥታለታለች። ሹፌሩ ዙሪያውን እየዞረ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ አንዲት የተዛባች ክር አላገኘም። "እጅሽ ይባረክ!" አለ። ከዚህች ሴት ጋር መኖሩ አንዳንዴ ለራሱም ይገርመዋል። እናትና ልጅ ከጨርቅ ወፍ ሲሠሩ፣ ቅጠል በሙጫ ወረቀት ላይ ሲለጥፉ፣ እሱ ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ ያያቸዋል። ሚጡ ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቅጠሏን በአውራ ጣቷ ትጫናለች። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው በዕድሜው አላየም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናት ከብስኩት ካርቶን የጭነት መኪና ሠራች። ጎማዎቹ ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ናቸው። ሚጡ ጠጠር እየለቀመች እስከ አፉ ሞላችው። ሹፌሩ ይህን ሲያይ መቀመጥ አቃተው።

"ጭነቱ ይታሰር እንጂ! እንዲህማ አይኬድም!"

ሲባጎ አመጣና አመሳቅሎ፣ ደርቦ፣ በጥርሱ ጭምር ስቦ አሰረው። ሚጡ አፏን ከፍታ አየችው። "እሺ ጋሼ" አለች። መኪናዋን እየጎተቱ በዳርቻው ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሹፌሩ ደረቱን ነፍቶ፣ በአፉ ጡሩምባ እየነፋ።

ትንሽ እንደሄዱ ሚጡ ቁጢጥ አለች። ከጭነቱ ውስጥ አንዲት ነጭ ጠጠር ፈልጋለች።

"ስጠኝ!"

"እንዴ፣ እመቤት! ጭነት መንገድ ላይ አይፈታም። ስንደርስ እናራግፋለን።"

ይህን ሲል ግን የምሩን ነበር። ስንት ዘመን ያደረበት ሥራ ነው፤ የታሰረ ጭነት መሃል መንገድ ላይ ለመፍታት እጁ አይታዘዘውም። ሚጡ ሲባጎውን በጣቷ ሞከረች፣ ነከሰችው፣ እምቢ አላት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያማ መሬት ላይ ተዘርራ ዳርቻውን በጩኸት አናወጠችው። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል አፍንጫው ላይ በጥፊ አጮለችው!

ሹፌሩ ቀና ብሎ ሚስቱን ፈለገ። ጩኸቱን ሰምታ መርፌዋን እንደያዘች እየመጣች ነው።

"መታችኝ" አላት፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

ሚስቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች፤ ሳቋን መያዝ ግን አልቻለችም።

"እንኳን ደስ አለህ" አለችው። "ደንበኛ መትታ አታውቅም።"

ሹፌሩ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ከገዛ ቋጠሮው ጋር ትግል ገጠመ። ሚጡ አሁንም እያለቀሰች፣ እየተሳደበች፣ ጉልበቱ ላይ ወጣችና መዘግየቱን በክርኗ እየጎሸመች ነገረችው። ንፍጧን በሸሚዙ ጠረገች። ራሷን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።

ቋጠሮው ከተፈታ ቆይቷል። ሹፌሩ ግን በመዳፉ ከልሎት፣ ገና እየታገለ ነበር።